ለጽሕፈትና ለሒሳብ የሚሆን ኪቦርድ፦ ደሴ ላይ ስትገዙ የላይኛውን ረድፍ እዩ

ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ስለ ራምና ስለ ዲስክ ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ሲተይብ ወይም የደመወዝ ሰነድ ሲሠራ ለሚውል ሰው ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚያስመርረው ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያለው ረድፍ ነው። ራም ይጨመራል፣ ዲስክ ይቀየራል፤ የቁልፎቹ አቀማመጥ ግን እንደተሠራ ይኖራል።

መመዘኛ ያደረግነው ኤክሴል ላይ የሚሠራ አንድ ተራ ሥራ ነው። ከሠንጠረዡ ወጣ ባለ ሴል ላይ 7% ጻፉ፤ ሠራተኛው ለጡረታ የሚያዋጣው ነው። ከመጀመሪያው ደመወዝ ጎን የእኩል ምልክት ጻፉና ደመወዙን በማውዝ ጠቅ አድርጉ፣ የማባዣውን ኮከብ ጨምሩ፣ 7% ያለበትን ሴል ጠቅ አድርጉ፣ ወዲያው ኤፍ4ን ተጫኑ፣ ኤንተር። የዶላር ምልክቶች ገብተው ዓምዱም ረድፉም ይታሰራሉ። ኤፍ4 ሁለተኛ ሲጫኑት ረድፉን ብቻ፣ ሦስተኛ ዓምዱን ብቻ ያስራል፣ በአራተኛው ይፈታል። ሳያስሩ ፎርሙላውን ወደ ታች የጎተቱት እንደሆነ ሁለተኛው ሠራተኛ ከ7% ሥር ያለውን ባዶ ሴል ያነብና ጡረታው ዜሮ ይሆናል። የሴሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ስለማያስፈልግም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መመላለሱ ይቀራል።

ይህን ፈተና ያለ ምንም ጣጣ የሚያልፈው ባለገመዱ ሎጂቴክ ኬ120 ነው። ኤፍኤን (Fn) የሚባለው፣ የላይኛውን ረድፍ ሥራ የሚቀያይረው ቁልፍ ስለሌለው ኤፍ4 ሁልጊዜ ኤፍ4 ነው። ረድፉ አራት አራት እየሆነ ክፍተት ስላለው ጣት ሳያይ ያገኘዋል፤ ይህ አከፋፈል አይቢኤም በ1980ዎቹ አጋማሽ ካወጣው ባለ 101 ቁልፍ ኪቦርድ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1981ዱ የአይቢኤም ፒሲ ላይ፣ ቁልፎቹ አሥር ብቻ ነበሩ፣ የተደረደሩትም በግራ በኩል ነበር። ትናንሾቹ ኪቦርዶች ክፍተቱን አውጥተው አሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ያጣብቃሉ፤ ኤፍ4ን ፈልጋችሁ ኤፍ5 ላይ ታርፉና «ወደ የት ልሂድ» የሚል መስኮት ይከፈታል። ኬ120 ውበት የለውም፣ ድምፁም ደረቅ ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚሠራ ግን ከዚህ የተሻለ አንመክርም።

ከላፕቶፕ ወገን ቲንክፓድ ይበልጣል፣ አንድ ነገር እስካወቃችሁ ድረስ። እንደመጣ ኤፍ4 ማይክሮፎን ይዘጋል፣ ኤፍ2 ድምፅ ይቀንሳል፤ የጡረታውን ፎርሙላ ስትሠሩ ዶላሩ ሳይገባ የማይክ መብራት ይበራል። ኤፍኤንን ይዛችሁ ኢስኬፕን አንዴ ተጫኑ፤ ረድፉ ወደ እውነተኛው ኤፍ ይመለሳል፣ ድምፅና ብርሃን ስትፈልጉ ብቻ ኤፍኤንን ትይዛላችሁ። ብዙዎቹ የዴል ላቲቲዩድ ላፕቶፖችም በዚሁ ጥምረት ይቆለፋሉ። የቲንክፓድ ሌላው ችግር ኤፍኤን በግራ ጥግ፣ ኮንትሮል ከጎኑ መሆኑ ነው፤ ጥጉን ይዞ ኮፒ ማድረግ የለመደ እጅ ምንም ሳይቀዳ ይቀራል። ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ1ን ተጫኑ፣ ኮንፊግ፣ ቀጥሎ ኪቦርድ የሚለውን ከፍታችሁ የሁለቱን ቦታ አቀያይሩ፣ በኤፍ10 አስቀምጣችሁ ውጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ከውጭ አገር መሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ ባዮሱ፣ ማለትም በኤፍ1 የገባችሁበት የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል፤ በቲንክፓድ ላይ ደግሞ ይህ ቃል የባዮስ ባትሪ በማውጣት አይጠፋም።

ኤችፒ ፓቪሊዮን ላይም ከኤፍ ሥራው ይልቅ ቁልፉ ላይ የተሣለው የድምፅና የብርሃን ሥዕል ይቀድማል፤ የፋይል ስም ለመቀየር ኤፍ2ን ስትጫኑ ስክሪኑ ይጨልማል። በኤፍ10 ባዮስ ገብታችሁ፣ ሲስተም ኮንፊጉሬሽን ውስጥ «አክሽን ኪስ ሞድ» የሚለውን አጥፉት። ከዚያ በኋላ ደህና ነው፣ ምንም እንኳ የረድፉ ቁልፎች ቀጫጭን ቢሆኑ። ኪቦርዱ በብዙዎቹ ሞዴሎች ከላይኛው ሽፋን ጋር በፕላስቲክ የተበየደ ነው፤ ሻይ ቢፈስበት ጥገናው ጣጣ አለው።

ለጸሐፊዎች ረድፉ ከኤክሴል ይልቅ ወርድ ላይ ነው የሚክሰው። ኤፍ4 የመጨረሻውን ሥራ ይደግማል፦ አንድ ርዕስ አስተካክላችሁ ቀጣዩን መርጣችሁ ኤፍ4። ሺፍትና ኤፍ5 መጨረሻ ወዳረማችሁበት ቦታ ይመልሳል፤ ፋይሉን እንደከፈታችሁ ከተጫናችሁት ትናንት ወዳቆማችሁበት ገጽ ይወስዳችኋል። ማውጫ ለማደስ ኮንትሮልና ኤ፣ ቀጥሎ ኤፍ9፣ ሲጠይቃችሁም የገጽ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ማውጫውን በሙሉ ምረጡ። ርዕሱ በእጅ ደምቆ እንጂ ወርድ ለርዕስ ባዘጋጀው ስታይል (Heading) ካልተሠራ ግን ኤፍ9 መቶ ጊዜ ቢመታ ማውጫው ውስጥ አይገባም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ ከማተም በፊት መታየት ያለበት ይህ ነው። ማውጫው ድንገት በጥምዝ ቅንፍ የታጠረ የእንግሊዝኛ ኮድ ከሆነ ፋይሉ አልተበላሸም፤ ሰው ሳያውቅ አልትና ኤፍ9ን ነክቷል፣ ደግማችሁ ንኩት።

ኤፍ8 ደግሞ ብዙ ኪቦርድ በሐሰት ያስከስሳል። አንዴ ሲነካ ወርድ ጽሑፍ ወደ መምረጥ ይገባል፣ ሁለተኛው ቃሉን፣ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገሩን፣ አራተኛው አንቀጹን ይመርጣል። ሳያውቁ ለነኩት ሰዎች ግን ከርሰሩ የሄደበትን ሁሉ ሲያጠቁር «ቁልፍ ተጣብቋል» ያሰኛል። ኢስኬፕ መጫን ይበቃል። ኤክሴልም ላይ እንዲሁ ነው። ወርድ ላይ ሺፍትና ኤፍ3 የእንግሊዝኛን ትንሹን ፊደል ትልቅ ያደርጋል፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አማርኛ ላይ ተጭኖ የሚጠብቅ ሰው ሲጠብቅ ይውላል።

የብሉቱዙን ሎጂቴክ ኬ380 ለዚህ ሥራ አትግዙት። ኤፍ1፣ ኤፍ2ና ኤፍ3 ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ መቀየሪያ ናቸው፤ ሴል ልታርሙ ኤፍ2ን ስትጫኑ ኪቦርዱ ኮምፒውተሩን ትቶ ሁለተኛውን መሣሪያ ፍለጋ ይሄዳል። ለስልክና ለታብሌት ግን ቀላልና ምቹ ነው።

ሱቅ ውስጥ ረጅም ፈተና አያስፈልግም። ኖትፓድ ከፍታችሁ ኤፍ5ን ተጫኑ፤ የዕለቱ ቀንና ሰዓት ከተጻፈ ረድፉ እውነተኛው ኤፍ ላይ ነው፣ ካልተጻፈ ኤፍኤንን ይዛችሁ ድገሙት። ከዚያ ባዶ ወርድ ላይ ኤፍ12 «በሌላ ስም አስቀምጥ» የሚለውን፣ አሳሹ ላይ ኤፍ11 ሙሉ ስክሪን ማምጣታቸውን እዩ። ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ ገመድ አልባ ብትገዙም አንድ ባለገመድ በመሳቢያ ይኑራችሁ፤ ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት ኤፍ2 ወይም ኤፍ12 መጫን ሲያስፈልግ የብሉቱዝ ኪቦርድ ገና አይሰማም።