ለጠጅ ወዳጅ የትኛው ሳይደር ይስማማል? አራት ጠርሙስ ጎን ለጎን

ጠጅ ቤት ገብቶ ለሚያውቅ ሰው ሳይደር፣ ማለትም ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ የአልኮል መጠጥ፣ መምረጥ ከባድ አይደለም። «ደረቅ፣ መካከለኛ ወይስ ለስላሳ?» ተብሎ ይጠየቅ የለ? እንግሊዞችም ሳይደራቸውን የሚለዩት በዚሁ ነው። ምክንያቱም አንድ ነው። እርሾው ስኳሩን በልቶ ከጨረሰ መጠጡ ይደርቃል፣ ይበረታል። ካልጨረሰ ጣፋጭና ቀለል ያለ ይሆናል።

የምኖረው እንግሊዝ፣ ብሪስቶል ከተማ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ ሶመርሴት ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ የያዘው ትንሽ ኦርጋኒክ የፖም እርሻ አለ። መጀመሪያ የሄድኩት ጥር 9 ማታ ነበር። በዚያ ምሽት የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ለዛፎቹ ይዘፍናል፣ ሥሮቻቸው ላይ ሳይደር ያፈሳል፣ ቅርንጫፋቸው ላይ የተጠበሰ ዳቦ ይሰቅላል። እንግሊዝ የቀን አቆጣጠሯን እ.ኤ.አ. በ1752 ብትቀይርም፣ እዚህ በዓሉ የሚከበረው በድሮው ቀን ነው። ከእኛ ከተራ በአንድ ቀን ብቻ ይቀድማል። ይህን ሳውቅ ልቤ ሞቀ።

አራት ዓይነት ገዝቼ ከባለቤቴና ከታላቅ እህቴ ጋር ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ቀመስናቸው። እነዚህን አራት ዓይነቶች ሶመርሴትና ሄርፎርድሺር ባሉ ሌሎች ትናንሽ እርሻዎችም ታገኛላችሁ።

በደረቁ ልጀምር። ዳቢኔትና ያርሊንግተን ሚል ከሚባሉ ሁለት የሶመርሴት ፖሞች የተሠራ ነው። አልኮሉ 7 በመቶ ገደማ ነው፣ ጋዝ የለውም። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፤ እንደ ወፍራም ሻይ አፍ ያደርቃል። ይህ የታኒን ሥራ ነው። ፖሞቹ ለመብል አይሆኑም፣ ብትገምጡት ትተፉታላችሁ። ግን ጌሾ ለጠጅ የሚሰጠውን ምሬት ለሳይደር የሚሰጠው ይኸው ታኒን ነው። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የደረቀ ቅጠልና የቆዳ ሽታ ይመጣል። ከክትፎና ቅባት ካለው ጥብስ ጋር ወደር የለውም፤ ቅቤውን ከምላስ ላይ ጠርጎ ያነሳዋል። ደረቅ ጠጅ የምትወዱ ይህን ግዙ። በረዶ አታድርጉት፣ በጣም ሲቀዘቅዝ መዓዛው ይጠፋል።

ሁለተኛው ኪንግስተን ብላክ ከሚባል ፖም ብቻ የተሠራ ነው። እዚሁ ብሪስቶል አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1903 የተቋቋመው የሎንግ አሽተን የምርምር ጣቢያ የሳይደር ፖሞችን በአሲድና በታኒን መጠናቸው አራት ቦታ ከፍሏቸው ነበር፦ ጣፋጭ፣ መራራ ጣፋጭ፣ ሆምጣጣ፣ መራራ ሆምጣጣ። ኪንግስተን ብላክ የሚመደበው በመጨረሻው፣ በመራራ ሆምጣጣው ነው። ሁሉንም በራሱ ስለያዘ ሌላ ፖም ሳይቀላቀልበት ጥሩ ሳይደር ይወጣዋል። ዛፉ ግን አስቸጋሪ ነው፣ ምርቱም ትንሽ፤ ስለዚህ ዋጋው ይጨምራል። ጥሩ ነው፣ ግን የመጀመሪያ ጠርሙሳችሁ አይሁን። ደረቁን ከለመዳችሁ በኋላ ልዩነቱ ይገባችኋል።

ሦስተኛው ለእኔ የአራቱ ንጉሥ ነው። ከ4 በመቶ ትንሽ ያለፈ አልኮል አለው፤ ጣፋጭ ነው፣ ግን አንድ ማንኪያ ስኳር አልተጨመረበትም። እንዴት? ጭማቂው ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ፔክቲኑ (ፖም ውስጥ ያለው የሚያረጋ ነገር) ይረጋና ቡናማ ሽፋን ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። እርሾው ከስኳሩ ሌላ የሚያስፈልገውን ምግብ አብሮ ይዞት ይወጣል። ከሥር ያለው ጥሩ ጭማቂ በቀስታ ወደ ሌላ በርሜል ይገለበጣል። እርሾው ስለራበው ለወራት እያዘገመ ይሠራና ስኳሩን ሳይጨርስ ይደክማል። በፈረንሳይ ኖርማንዲም የሚታወቁበት ዘዴ ይኸው ነው። ጣዕሙ የበሰለ ፖምና የተቃጠለ ስኳር ያስታውሳል፣ አረፋው ደቃቅ ነው። ከዶሮ ወጥ ጋር ሞከርነው። ደረቁ የበርበሬውን እሳት ያባብሳል፣ ይህኛው ግን ያበርደዋል። እህቴ «ይሄማ ለእንግዳ ነው» ብላ የቀረውን ደበቀችው። ስትከፍቱት ብቻ አደራ፤ ቀድማችሁ አቀዝቅዙት። እኔ ሳላቀዘቅዝ ከፍቼ ሩብ ጠርሙሱ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰ።

አራተኛው ፔሪ ነው፣ ከፖም ሳይሆን ፒር ከሚባለው ፍሬ የሚሠራው ዘመዱ። ፒር ውስጥ እርሾ የማይበላው ሶርቢቶል የሚባል ጣፋጭ ነገር ስላለ፣ ፈልቶ ካለቀ በኋላም ትንሽ ጣፋጭነት ይቀረዋል። ለስለስ ያለ፣ አበባ አበባ የሚሸት ነው። ከሽሮና ከአልጫ ጋር ይሄዳል። ወይን ጠጅ የሚወዱ ጓደኞቻችሁን በዚህ ጀምሯቸው።

«ሱፐርማርኬት ያለው ጣሳ በጣም ይረክሳል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። ግን በእንግሊዝ ሕግ አንድ መጠጥ ሳይደር ለመባል የሚያስፈልገው የፖም ጭማቂ 35 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ውሃና ስኳር ሊሆን ይችላል። ከትንሹ እርሻ የምትገዙት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ጭማቂ ነው፤ ይህንንም ብዙዎቹ ጠርሙሱ ላይ ይጽፉታል። ከመክፈላችሁ በፊት እሱን ፈልጉ።

ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ደግሞ ሰልፋይት (መጠጡ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር) የለውም ማለት አይደለም። በመጠኑ ይፈቀዳል፣ በአንድ ሊትር ከ10 ሚሊግራም ካለፈም ጠርሙሱ ላይ መጻፍ አለበት። ሰልፋይት የማይስማማው ሰው መለያውን ያንብብ።

ለጾመኞች አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አምራቾች ሳይደሩን ለማጥራት ከእንስሳት የሚወጣ ጄላቲን ይጠቀማሉ። እኔ የገዛሁበት እርሻ አይጠቀምም፤ ደረቁ ትንሽ ደፍረስ ያለውም ለዚህ ነው። እናንተም በጾም የምትገዙ ከሆነ ሻጩን በምን እንዳጠራው ጠይቁት። ወይም «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ውሰዱ።