ትናንት «ጋሼ አብሽሩ»፣ ዛሬ «ሂድ ከዚህ»

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ቤቴ ከገባሁ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። እጄ ገና ይንቀጠቀጣል። 32,000 ብር ከፍዬ ካሜራዬ ላይ የማይገጥም ሌንስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ እያየሁት ነው። በደሴም በኮምቦልቻም የሕንፃ ፎቶ የምታነሱ፣ አሮጌ ሌንስ የምታፈላልጉ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ገንዘባችሁን እንዳታወጡ።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ፊት ለፊት የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተሰቅሎ፣ ከመስታወቱ ሥር ከተዘጉ ፎቶ ቤቶች የተለቀመ የደርግ ዘመን ካሜራ ተደርድሮ፣ ከኋላ መጋረጃ የተጋረደበት። ገና ስትገቡ ወንበር ይሳብላችኋል፣ ሻይ ይታዘዝላችኋል።

ሌንሱን የፈለግሁት ለሥራ ነው። ደሴ ዳገት ናት። ከታች ቆማችሁ ካሜራውን ሽቅብ ካቀናችሁ ግድግዳው ሁሉ ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። የአይጠየፍን አዳራሽ ስንት ጊዜ አንስቼ ስንት ጊዜ እንደጣልሁት እኔ ነኝ የማውቀው። መፍትሔው ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። ለዚሁ ተብሎ የተሠራው ሌንስ በእኔ አቅም አይሞከርም። ሚዲየም ፎርማት የሚባለው፣ ትልቅ ፊልም የሚወስድ ካሜራ ሌንስ ግን 56 በ56 ሚሊሜትር ፊልም እንዲሸፍን ስለተሠራ የሚጥለው የብርሃን ክብ 79 ሚሊሜትር ያህል ስፋት አለው። የካሜራዬ ሴንሰር፣ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ሌንሱን 12 ሚሊሜትር ሽቅብ ባንሸራትተው እንኳ 60 ሚሊሜትር ክብ ይበቃኛል። ቦታውም አለ። ፔንታኮን ሲክስ የሚባለው የሚዲየም ፎርማት ካሜራ ሌንስ ከፊልሙ 74.1 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ የተሠራ ነው፤ የእኔ ሶኒ ካሜራ የሚፈልገው 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሌንሱን ከካሜራው ጋር የሚያገናኘው፣ የሚያዘነብለውና የሚያንሸራትተው አዳፕተር የሚገባው በመካከል በሚተርፈው ቦታ ነው። አዳፕተሩን የአክስቴ ልጅ ከውጭ አምጥቶልኝ ነበር። የቀረኝ ሌንሱ ነበር።

እሱንም ትናንት ከሰዓት በኋላ አገኘሁት፤ ሚር 26፣ 45 ሚሊሜትር፣ ኪየቭ በሚገኘው አርሰናል ፋብሪካ የተሠራ። በእኔ ካሜራ ላይ ሰፊ እይታ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ከመንገድ ማዶ ቆሜ ለማነሳው የሕንፃ ፊት ግን ይበቃኛል። ባለሱቁም ለሙያው ባዳ አይመስልም። «ጋሼ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ቢ ያለበትን ነው የሚፈልጉት፤ ቢ ማለት ባዮኔት ነው» አለኝ፤ በክንፍ ገብቶ የሚቆለፍ መግጠሚያ ማለቱ ነው። ሌንሱን በአዳፕተሬ ላይ ገጠምሁት፣ ከሱቁ በር ቆሜ ጦሳን አየሁበት። የተራራው ጫፍ እንደ ምላጭ ጠርቶ ታየኝ። እስከ 12 ሚሊሜትር አንሸራተትሁት፤ አንዱም ጥግ አልጠቆረም። ደስታዬ ፊቴ ላይ ይነበብ ነበር፤ እሱም አንብቦታል።

«ጋሼ አብሽሩ፣ ልወልውልዎትና አሽጌ ልስጥዎት» ብሎ ሌንሱን ከእጄ ወሰደ። መጋረጃውን ገልጦ ገባ። እኔ በዚያች ደቂቃ አንገቴን ደፍቼ በስልኬ ገንዘቡን አስተላልፍ ነበር። ሲወጣ ሌንሱ በጋዜጣና በላስቲክ ተጠቅልሏል። የጋዜጣውን ጫፍ ገለጥ አደረገና በፊተኛው ቀለበት ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይኸው ሚር 26፣ ይኸው ቢ። በዓይንዎ ይዩት፣ ኋላ እንዳይቆጭዎት።» አየሁት። እውነትም ከእንግሊዝኛው ቢ አንድም የማይለይ ፊደል ነው። አመሰገንሁት። እጁን ጨብጬ፣ መርቄው ወጣሁ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ምርቃት ነው።

ማታ ቤቴ ፈትቼ ልገጥመው ብል እምቢ አለ። ገልብጬ ኋላውን ሳየው ትናንት በእጄ የያዝኋቸው ሦስቱ ክንፎች የሉም፤ በቦታቸው የሚጠመዘዝ ጥርስ ነው ያለው። ግራ ቢገባኝ በወጣትነታቸው ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ጎረቤቴ ዘንድ ይዤው ሄድሁ። መነጽራቸውን አድርገው አንዴ አዩትና «ልጄ፣ ይህ ቢ አይደለም፤ በሩሲያኛ ቬ ነው» አሉኝ። የሩሲያው ቢ ከላይ ጣራ፣ ከታች ሆድ ያለው፣ ሌላ መልክ ያለው ፊደል ነው። በመጀመሪያው ሌንስ ላይ አይቼዋለሁ! 6 ቁጥር መስሎኝ ነው ያለፍሁት። በዚያ ፊደል የተጻፈው ለፔንታኮን ሲክስና ኪየቭ 60 ለሚባለው ካሜራ ይሆናል፤ በቬ የተጻፈው ኪየቭ 88 ለሚባለው ካሜራ ነው። ስማቸው አንድ፣ ቁጥራቸው አንድ፣ መግጠሚያቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ። ባለሱቁ ይህን እያወቀ ነው ጣቱን ፊደሉ ላይ ያሳረፈው።

ዛሬ ጠዋት በመጀመሪያው ታክሲ ሽቅብ ወጣሁ። ወንበር የለም፣ ሻይ የለም። ትናንት «ጋሼ» እያለ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ሰው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ዕቃውን አየህ፣ ፊደሉን አነበብህ፣ ከፈልህ፤ አለቀ» አለኝ። ከልጄ የማይበልጠው ረዳቱ ደግሞ «ሩሲያኛ ካላወቅህ የሩሲያ ዕቃ ምን አስገዛህ?» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀ። ዞር ስል ትናንት ጦሳን ያየሁበት ሌንስ መስታወቱ ውስጥ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት ለይቼ አውቀዋለሁ። «የእኔ ይኸውና» ብል «እሱ ተሽጧል» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ስሙልኝ፤ ለያዝሁት ሌንስ የሚሆን አዳፕተር እንዳለው፣ በ9,000 ብር እንደሚሰጠኝ ነገረኝ! ድምፄን ከፍ ሳደርግ «ሂድ ከዚህ፣ ደንበኛ አትከልክል» አለ። በሰው ፊት ወጣሁ።

ደረሰኝ አልጠየቅሁም። የሰጠኝ ብጣሽ ወረቀት «አንድ ሌንስ» ይላል፤ የቱ ሌንስ እንደሆነ አይልም።

ሌንስ የምትገዙ ካላችሁ ከፊቱ ይልቅ ኋላውን እዩ፤ መለያ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ አስጽፉ፤ ከሞከራችሁት በኋላ ከካሜራችሁ ሳትፈቱ ይዛችሁ ውጡ። ይወልወል ቢሏችሁ ቤታችሁ ወልውሉት።

ለቅዳሜ ቀጠሮ የያዝሁለት የሕንፃ ባለቤት አለ፤ በፊት በነበረኝ ሌንስ አንስቼ መስመሩን በኮምፒውተር አቃናለሁ፣ የፎቶው ጠርዝ ቢቆረጥም። ኪየቭ 88 ያለው ሰው በአካባቢው ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ። ባለ ቬው ሌንስ እኔ ዘንድ ነው፤ ፊደሉንም ኋላውንም አሳይቼ፣ ምን እንደሆነ ነግሬ፣ በሚችለው ዋጋ እሰጠዋለሁ።