ታላዴጋ ወይስ ብሪስቶል? የናስካርን ውድድር በአካል ለማየት

ናስካር የተባለውን የአሜሪካ የመኪና ውድድር በአካል ለማየት ለሚያስብ ተመልካች የአላባማው ታላዴጋና የቴነሲው ብሪስቶል መሮጫዎች ፈጽሞ የተለያዩ ምርጫዎች ናቸው። በ1969 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ታላዴጋ ዙሪያው 4.28 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ኩርባዎቹ እስከ 33 ዲግሪ ስለሚያጋድሉ መኪኖቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከንፋሉ። ይሁን እንጂ ከመቀመጫ ሆኖ ማዶ ያለውን በደንብ ማየት ያዳግታል፤ መኪኖቹ ካለፉ በኋላ እስኪመለሱም 50 ሰከንድ ያህል መጠበቅ ግድ ነው። የታላዴጋ እውነተኛ ድምቀት ከመሮጫው ውጭ ነው፤ ሰዎች ድንኳን ተክለውና ተጎታች ቤት አቁመው፣ ሥጋ እየጠበሱ ለቀናት ጎረቤት ይሆናሉ። ከአትላንታ በመኪና ሁለት ሰዓት ስለማይሞላ፣ በዚያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደርሶ መልስም ይመቻል።

ውድድሩን ራሱን ለማየት ለሚጓዝ ሰው ግን ያለ ማመንታት ብሪስቶልን እመርጣለሁ። ዙሪያው 858 ሜትር ብቻ የሆነውን የኮንክሪት መሮጫ መኪኖቹ በ15 ወይም በ16 ሰከንድ ይጨርሱታል፤ መቀመጫዎቹም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ስለከበቡት ፉክክሩ ከዓይን አይሰወርም። 500 ዙር በሚፈጀው የማታ ውድድር፣ መብራቱ በመኪኖቹ ጣሪያ ላይ ሲያብረቀርቅ፣ የተቃጠለ ጎማ ሽታ አፍንጫን ሲሞላና የሞተሩ ድምፅ ደረትን ሲያንቀጠቅጥ፣ ከጎን ያለን ሰው ማናገር የሚቻለው በምልክት ነው። ስለዚህ የጆሮ መከላከያ፣ በተለይ ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ከቲኬቱ እኩል አስፈላጊ ነው። ማዳመጫ ያለው የሬዲዮ መቀበያ ከተያዘ ደግሞ ሾፌሩ ከቡድኑ ጋር የሚነጋገረውን በቀጥታ መስማት ይቻላል።