ቀሪውን ክፍያ ከመልቀቃችሁ በፊት ከዌብሳይታችሁ ላይ አንድ ቃል ኮፒ አድርጉ

ለሱቃችሁ፣ ለክሊኒካችሁ ወይ ለካፌያችሁ ዌብሳይት ልታሠሩ ከሆነ ይቺን አንብቡ። እኔ 80 ሺህ ብር ከፍዬ የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

ቸርችል ጎዳና አካባቢ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ገባ ብሎ፣ ዘጠኝ ክፍል ያላት ትንሽ እንግዳ ማረፊያ አለችን። ደንበኞቻችን ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ ሐበሾች ናቸው። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ ይመጣሉ። ሁሉም የሚያገኙን በሰው በሰው ነው።

አምና አንድ ወጣት ላፕቶፑን አዝሎ መጣ። አፉ ማር ነው። «እህቴ፣ ይሄ የመሰለ ቤት ይዘሽ ጎግል ላይ አለመኖርሽ ያሳዝናል» አለኝ። ተስማማን፤ በሦስት ሳምንት ሠርቶ አመጣው። ሲከፈት ስክሪኑ ጭልም ይላል። ከዚያ በእንጦጦ በኩል ፀሐይ ትወጣለች። ዋሽንት ይሰማል። ጀበና ዘንበል ይላል፣ ቡናው ሲኒ ውስጥ ይንቆረቆራል። ከእንፋሎቱ መሀል የቤታችን ስም ፊደል በፊደል እየበረረ ይገጣጠማል። መጨረሻ ላይ «ይግቡ» የምትል ወርቃማ ቁልፍ ብቅ ትላለች። 24 ሰከንድ ነው። ባለቤቴ ሦስቴ አስደገመው። እኔማ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር። 40 ሺህ ቀብድ ሰጥተነው ነበር፣ ቀሪውን 40 እዚያው ቁጭ እንዳልን ላክንለት።

አራት ወር አለፈ። በዌብሳይቱ የመጣ አንድ ሰው የለም። ሊንኩን በቴሌግራም ለሰው ስልከው ይከፈታል፣ ጀበናውም ይቀዳል። ታዲያ ምን ሆነ? አንዲት ከዋሽንግተን የመጣች እንግዳ «ጎግል ላይ ስፈልግሽ ስፈልግሽ አጣሁሽ፤ በመጨረሻ ከአጎቴ ነው ስልክሽን የወሰድኩት» ስትለኝ አጻጻፉን ተሳስታ ነው ብዬ አለፍኩት።

የታላቅ እህቴ ልጅ ሶፍትዌር ይሠራል። አንድ ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጣን ጉዳዩን አነሳሁበት። ምንም ሳይነካ ስልኬን መለሰልኝና «አክስቴ፣ እስቲ ከዚህ ላይ ‹ቸርችል› የሚለውን ቃል ኮፒ አድርጊው» አለኝ። ጣቴን አሳረፍኩበት። ስልኩ «ምስሉን አስቀምጥ» አለኝ። «ቁርስ» የሚለውን ሞከርኩ፣ ያው ነው። የክፍሉ ዋጋም ምስል። አድራሻውም ምስል። ለካ ያ ልጅ ያማረ የአማርኛ ፎንት ስላገኘ ጽሑፉን በሙሉ ፎቶ አድርጎ ነው የለጠፈው! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ነው) የገባው በ1999 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ ነው። ዛሬ አማርኛን ፎቶ አድርጎ ለመለጠፍ ምንም ምክንያት የለም።

ቀጥሎ የእህቴ ልጅ ጎግል ላይ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ አስከተለ፣ ክፍት ቦታ ሳይተው የዌብሳይታችንን አድራሻ ጨመረ። እንዲህ ስታደርጉ ጎግል ከዌብሳይታችሁ የሚያውቃቸውን ገጾች ያወጣላችኋል። የእኛ አንድ ብቻ ወጣ። ርዕሱ «ኢንትሮ» ይላል። አለቀ። ስድስት ገጽ ብዬ የከፈልኩበት ጎግል ዘንድ አንድ ነው፣ እሱም ባዶ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎግል ድረ ገጾችን እየዞረ የሚያይ ፕሮግራም አለው፣ ጎግልቦት ይባላል። ገጹን ይከፍታል፣ ጽሑፉን ያነባል፣ ሊንክ ካገኘ ወደ ሌላው ገጽ ይሄዳል። እንደ ሰው ቁልፍ እየተጫነ ግን አይገባም። የእኛ ወርቃማ «ይግቡ» ደግሞ ስትጫኗት ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የምትሠራ ጌጥ እንጂ ትክክለኛ ሊንክ አልነበረችም። ስለዚህ ጎግልቦት በር ላይ መጥቶ፣ ጽሑፉ ሁሉ ምስል ስለሆነ የሚነበብ አጥቶ፣ የሚገባበት አጥቶ ተመልሷል። ዋሽንቱንም አልሰማ።

ቪዲዮው ደግሞ 18 ሜጋባይት ነው። እኛ ቤት በዋይፋይ ስናየው ቆንጆ ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆኜ በሞባይል ዳታ ስሞክረው ከፒያሳ ተነስቼ ቴዎድሮስ አደባባይ እስክደርስ ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ጎግል የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ነው የሚመክረው። የሚመዝነውም የስልኩን ገጽ ነው እንጂ ሻጩ በላፕቶፕ የሚያሳያችሁን አይደለም።

የእህቴ ልጅ እንደሚለው በሽታው የቆየ ነው። ድሮ እንዲህ ያለውን መግቢያ ፍላሽ በሚባል የአዶቤ ኩባንያ ፕሮግራም ይሠሩት ነበር። አይፎን ፍላሽን ጭራሽ አልተቀበለውም፣ ጎግል በፈረንጆቹ 2019 ማንበብ እንደሚያቆም አሳወቀ፣ አዶቤ ራሱ በ2020 መጨረሻ ቀበረው። ፍላሽ ሞተ፣ አመሉ ግን ልብስ ቀይሮ ይሄው እኔ ቤት መጣ።

ዌብሳይቱን ለሠራው ልጅ ደወልኩለት። አልደነገጠም። «እሱማ ሌላ ሥራ ነው፣ ኤስ ኢ ኦ ይባላል፤ 35 ሺህ ብር፣ በአንድ ወር ጎግል ላይ አንደኛ አወጣሻለሁ» አለኝ። ደግነቱ ዝርዝሩን በፕሮፎርማ አምጣ አልኩት። አንደኛው «የኪወርድ ሜታ ታግ» ነው፣ ገጹ ኮድ ውስጥ የሚጻፍ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር ማለት ነው። ጎግል ይህን ለደረጃ እንደማይጠቀምበት የተናገረው በፈረንጆቹ 2009 ነው። ሁለተኛው ነጭ ጀርባ ላይ በነጭ ቀለም የሚጻፍ፣ ሰው የማያየው ጽሑፍ ነው። ይሄ ጭራሽ ክልክል ነው፣ ከፍለጋ ውጤት ሊያስወጣ ይችላል። አንደኛ አወጣለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ጎግል ራሱ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ብሎ ጽፏል። ከፍዬ ራሴን ላስቀጣ ነበር ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን ዶሜይኑ ነው። የዌብሳይታችን አድራሻ የተመዘገበው በእሱ ስምና በእሱ ኢሜይል ሆኖ ተገኘ። በስሜ ለማዞር 15 ሺህ ጠየቀኝ። የቤቴ ስም ነው እኮ! ውሉ ውስጥ አንድ መስመር ስላልነበረ የምይዘው ነገር አጣሁ፣ ከፈልኩ። እናንተ ዶሜይኑም ሆስቲንጉም (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ቦታ) በስማችሁና በኢሜይላችሁ እንደሚሆን፣ የይለፍ ቃሉም እንደሚሰጣችሁ ውሉ ላይ ሳታጽፉ አትፈርሙ።

ማስተካከሉ የሚገርም ያህል ቀላል ነበር። የእህቴ ልጅ በሁለት ቅዳሜ ጨረሰው። ጀበናዋን እንኳን አላጠፋትም። ወደ ስድስት ሰከንድ አሳጠራት፣ ድምፁን ዘጋው፣ ከመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ አስቀመጣት። ማንንም በር ላይ አታቆምም። ከሥሯ በጽሑፍ የት እንዳለን፣ የክፍል ዋጋ፣ የስልክ ቁጥር አለ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጻፍነው፣ ምክንያቱም ከውጭ የሚፈልገን ሰው በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው። እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ርዕስ ተሰጠው፣ ለፎቶዎቹ አጭር መግለጫ ተጻፈላቸው፣ ቁልፎቹ እውነተኛ ሊንክ ሆኑ። ከዚያ ሰርች ኮንሶል በሚባለው የጎግል መሣሪያ አስመዘገበው። ጎግል ካርታ ላይም አስገባን። ሁለቱም በነፃ ነው፤ ለዚህ ብር የሚጠይቃችሁ ካለ የሚያስከፍላችሁ የራሱን ድካም ነው።

ወዲያው አልታየንም፣ ሳምንታት ወስዷል። አሁን ስማችንን የጻፈ ሰው ያገኘናል። «አዲስ አበባ እንግዳ ማረፊያ» ብሎ ለሚፈልግ ግን ትልልቆቹ የሆቴል ማስያዣ ድረ ገጾች ከእኛ በላይ ናቸው፣ አልዋሻችሁም።

ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ያለው የጥርስ ሐኪም እየሳቀ መጣ። «እኔም ዌብሳይት አሠራሁ፣ እይልኝ እስቲ» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። ስክሪኑ ጨለመ። በእንጦጦ በኩል ፀሐይ ወጣች። ለጥርስ ክሊኒክ ጀበና ምን ይሠራል ብዬ ሳልጨርስ ጀበናው ዘንበል አለ። ስልኩን መለስኩለትና «ዶክተር፣ ቀሪውን ከፍለዋል?» አልኩት።