ሳይክላችሁ ላይ ታስሮ፣ መብራታችሁ በርቶ ሳይሞከር እንዳትከፍሉ

ሳይክል የምትነዱ ወዳጆቼ፣ ገመድ አልባ የሳይክል ኮምፒውተር (ፍጥነትና የተነዳ ርቀት የሚያሳየውን ትንሽ ስክሪን) ልትገዙ ካሰባችሁ እባካችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ። እኔ ሳልሞክር ገዝቼ ተሸውጃለሁ። ገንዘቤም አልተመለሰልኝም።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ "ገመድ አልባ" ይላል። ሻጩ ደግሞ "ዲጂታል ነው፣ ሲግናሉ ከምንም ጋር አይቀላቀልም፣ ሁሉንም አስተካክዬልሃለሁ፣ ማሰር ብቻ ነው የሚቀርህ" አለኝ። አመንኩት። ቤት ገብቼ አሰርኩት፣ ቀን ቀን ደህና ሠራ። በሦስተኛው ቀን ማታ ግን የፊት መብራቴን አብርቼ ወጣሁ። ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ፤ አንድ እግሬ መሬት ረግጧል። ስክሪኑን ሳየው በሰዓት 43 ኪሎ ሜትር ይላል! ጎማው ንቅንቅ አላለም። መብራቱን አጠፋሁት፤ ቁጥሩ ዜሮ ገባ። መልሼ አበራሁት፤ 38፣ 51፣ እንደገና 43።

ነገሩ የገባኝ ማኑዋሉን ቁጭ ብዬ ሳነበው ነው። "ገመድ አልባ" የሚለው ቃል ሁለት በጣም የሚለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ርካሾቹ አናሎግ ናቸው። ጎማው ሽቦ ላይ የታሰረችው ማግኔት ሹካው ላይ በሚታሰረው ሴንሰር አጠገብ ባለፈች ቁጥር ሴንሰሩ አጭር ሲግናል ይልካል። ሲግናሉ የማን እንደሆነ የሚለይበት ምልክት ግን የለውም። ስለዚህ ስክሪኑ በአየር ላይ ያገኘውን ሁሉ "ጎማው ዞረ" ብሎ ይቆጥረዋል። የኤልኢዲ መብራት ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ሊረብሸው ይችላል። ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር ሥር ስታልፉም እንዲሁ። ጓደኛችሁ ተመሳሳይ ዕቃ አስሮ አጠገባችሁ ከነዳ ደግሞ የእሱ ፍጥነት እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ዲጂታሎቹ እንዲህ አይደሉም። ሴንሰሩና ስክሪኑ መጀመሪያ ፔር ይደረጋሉ፣ ማለትም እንዲተዋወቁ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኑ የራሱን ሴንሰር ብቻ ነው የሚሰማው። የሚገናኙባቸው ሁለቱ የተለመዱ መንገዶች፣ አንት ፕላስም (ANT+) ሆነ ብሉቱዝ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሴንሰርም የራሱ መለያ ቁጥር አለው። መለየት ከፈለጋችሁ ማኑዋሉን ግለጡና ፔር ስለማድረግ የሚያወራ ቦታ ፈልጉ። ከሌለ ጠርጥሩ። "ሴንሰሩ ከስክሪኑ ከ60 ወይም ከ70 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይርቅ" የሚል ካገኛችሁበት ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ።

አናሎግ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ቀን ብቻ፣ ብቻውን ለሚነዳ ሰው ይበቃዋል። እኔን ያናደደኝ አናሎጉን ዲጂታል ነው ብሎ፣ በዲጂታል ዋጋ መሸጡ ነው።

"አስተካክዬልሃለሁ" ያለውም ውሸት ሆኖ ተገኘ። ስልኬ 50 ኪሎ ሜትር ያለውን መንገድ ኮምፒውተሩ 46 እንኳን አልሞላውም። ሴቲንጉን ስከፍት የጎማው ዙሪያ 2096 ሚሊሜትር ላይ ነው። ይህ የ700 በ23 ቀጭን ጎማ ልክ ነው። የእኔ 29 ኢንች በ2.1 ስለሆነ ወደ 2288 ይጠጋል። ጎማው አንድ ጊዜ በዞረ ቁጥር 19 ሳንቲሜትር ያህል ይጠፋብኛል ማለት ነው። ሰውየው ከፋብሪካ እንደመጣ ነው የሰጠኝ፤ ሳይክሌ ምን ዓይነት እንደሆነ እንኳን አልጠየቀኝም።

የጎማችሁን ልክ ራሳችሁ ብትለኩ ይሻላል። ጎማውን እንደ ልማዳችሁ ንፉት። ቫልቩን ወደ ታች አድርጉና መሬቱ ላይ በቾክ ምልክት አድርጉ። ሳይክሉ ላይ ተቀመጡ፤ የሰው ክብደት ጎማውን ትንሽ ስለሚጨፈልቀው ለውጥ አለው። አንድ ሰው ደግፏችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደፊት ሂዱ፣ ቫልቩ ተመልሶ ታች ሲደርስ ሁለተኛውን ምልክት አድርጉ። በሁለቱ መሃል ያለውን በሚሊሜትር ለክታችሁ አስገቡ። ሦስት ዙር ሄዶ ለሦስት ማካፈል ደግሞ የበለጠ ትክክል ነው።

ዕቃውን ይዤ ስመለስ ሻጩ በመጀመሪያ "አንተ በደንብ ስላላሰርከው ነው" አለኝ። እዚያው መብራቱን አብርቼ አሳየሁት። ይሄኔ "ሳጥኑ ተከፍቷል፣ አንመልስም" ወደሚለው ዞረ። ሳጥኑን ሳልከፍት እንዴት ላስረው ነበር? የያዝኩት ነገር ደረሰኝ ብቻ ነው፤ "ዲጂታል ነው" ያለኝ በቃል ነው። እናንተ ደረሰኙ ላይ ዓይነቱን አጽፉ።

ሌሎችም የሚያታልሉ ጽሑፎች አሉ። "ጂፒኤስ" የሚለው አንዳንዱ የስልካችሁን ጂፒኤስ ነው የሚጠቀመው፤ ያለ ስልክ ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ፔዳል በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደዞረ ያሳያል ሲባል ደግሞ ለዚያ የሚያስፈልገው ሴንሰር ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። አንዳንዴ ለብቻው ነው የሚሸጠው።

ሙከራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሳይክላችሁንና መብራታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሴንሰሩ ሹካው ላይ ይታሰር፤ ማግኔቷ ሴንሰሩ ላይ ካለው ምልክት ትይዩ ትሁን። በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከ5 ሚሊሜትር አይብለጥ፣ እንዳይነካኩም ተጠንቀቁ። የፊት ጎማውን አንስታችሁ አሽከርክሩት፤ ፍጥነቱ ሳይቆራረጥ መምጣት አለበት። አሁን ጎማውን አቁሙና መብራቱን አብሩት፤ ብልጭ ድርግም የሚለውንም ሞክሩ። ስክሪኑ ከዜሮ ከተነሳ ዕቃውን አስረክባችሁ ውጡ። "እሱ ሲቆይ ይስተካከላል" ቢሏችሁ እንዳትሰሙ።

እንደ እኔ ገዝታችሁ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ መብራቱን ከስክሪኑ አርቁት። እኔ ከመሪው ላይ አንስቼ ሄልሜቴ ላይ አሰርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ስነዳ ቁጥሩ አልዘለለም። ከጓደኞቼ ጋር ስወጣ ግን አሁንም አላምነውም።