ዱንዱን፦ በሦስት ሰው ወይስ በአንድ?

በምዕራብ አፍሪካዊቷ ጊኒ በማሊንኬ ሕዝብ ዘንድ ጀምቤ የተባለው በእጅ የሚመታ ከበሮ ብቻውን አይደምቅም። ዜማውን የሚሸከሙት ዱንዱን የሚባሉት ሦስት በዱላ የሚመቱ ከበሮዎች ናቸው፦ ትንሹ ኬንኬኒ፣ መካከለኛው ሳንግባን፣ ትልቁ ዱንዱንባ። ጥያቄው እነዚህን ማን ይምታ የሚለው ነው።

በኩሩሳ ከተማ አካባቢ፣ ሐማና በሚባለው ስፍራ፣ ለእያንዳንዱ ከበሮ አንድ ሰው ይመደባል። ከበሮው በአግድም ይቀመጣል፤ አንዱ እጅ ቆዳውን በዱላ ሲመታ ሌላው ከላይ የታሰረውን ቃጭል በብረት ያቃጭላል። እጆቹ የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ለጀማሪ ከባድ ነው፤ ሳምንታት ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ጊኒ በ1958 እ.ኤ.አ. ነጻ ከወጣች በኋላ በገነኑት የመድረክ ቡድኖች የተስፋፋው ነው፦ ከበሮዎቹ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ አንድ ሰው በሁለት ዱላ ሦስቱንም ይመታል። ሰው ላነሰው ቡድን እፎይታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቃጭሉ ይቀራል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኬንኬኒ የያዘው ሰው አጭር ምቱን ሳይታክት ሲደጋግም፣ ሳንግባኑም በምቶቹ መካከል ሲገባለት፣ ዜማው የሁለቱም ይሆናል። ይህን መደማመጥ አንድ ሰው ብቻውን አያገኘውም። አራት ከሆናችሁ ሦስታችሁ ዱንዱን ያዙ፤ ለጀምቤ አንድ ሰው ይበቃል።