በሩ ተቆልፎ ፍሳሹ ያልቆመበት የማጣሪያ ጣቢያ

ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ ውኃው ወደ በሬሳ ወንዝ በሚወርድበት የገጠር ቀበሌ ያለው አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። አንድ ተቋም ለሠራተኞቹ መኖሪያና ለክበቡ ያሠራው ነው። ቤተሰቤ ከአጥሩ ማዶ መሬት ስላለው፣ አገልግሎቱን የምመዝነው በሠራበት ዘመን ብቻ ሳይሆን በአዘጋጉም ጭምር ነው።

ለንድፉ ከ5 4 እሰጣለሁ። ሞተርም ኬሚካልም የማይፈልጉ፣ ተዳፋቱን ተከትለው የተቆፈሩ ሦስት ኩሬዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው ጥልቅ ሆኖ ዝቃጩን ያስቀራል፣ ሁለተኛው በአልጌና በባክቴሪያ አማካኝነት የቀረውን ያብላላል፣ በሦስተኛው ጥልቀት የሌለው ውኃ ውስጥ ደግሞ ፀሐይ ጀርሞቹን ትገድላለች። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ ምርጫ አይታየኝም። አንድ ነጥብ የቀነስኩት ለብርዱ ነው። በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ በሚያድርበት ቦታ፣ የውኃው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ዝቃጩን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች እጅግ ስለሚዳከሙ፣ ኩሬው ከቆላው ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ሲሶው በዝቃጭ ሲያዝ መጠረግ ነበረበት፤ መምጠጫ መኪና ወደዚያ ሲገባ ያየ ጎረቤት ግን አላገኘሁም።

አዘጋጉ ከ5 1 እንኳ የሚበዛበት ነው። ጥበቃው ተነሣ፣ በሩ ተቆለፈ፣ የመግቢያው ቱቦ ግን አልተደፈነም። የብረት ፍርግርጉ በፌስታልና በቁራጭ ጨርቅ ተዘግቶ፣ ፍሳሹ በጎኑ እየዞረ ይገባል። ከሁሉ የሚያስፈራው የመጀመሪያው ኩሬ ነው፤ የደረቀው ቅርፊቱ ላይ ሣር ስለበቀለበት ከሩቅ መስክ ይመስላል፣ አጥሩም በአንድ ወገን ስለወደቀ ጥጃ ወይም እረኛ ልጅ ቢረግጠው የሚይዘው መሬት የለም። ሦስተኛውን ኩሬ ፊላ ወርሶታል፤ ይብራ ስለሚያርፍበት፣ ወፍ ለማየት ለሚመጣ ሰው ቦታው እንደሚያምር አልክድም።

ከታች ያለው መስክ ግን አያምርም። ግድቡ በተሸረሸረበት በኩል የሚወጣው ውኃ ሣሩ ላይ ተኝቶ ስለሚከርም የውኃ ቀንድ አውጣ ይራባበታል፤ የበጎቻችን ጠላት የሆነው የጉበት ትል ደግሞ ያለ ቀንድ አውጣ አያድግም። በዚሁ ውኃ ካሮትና ሰላጣ የሚያጠጡ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ጥሬ ለሚበላ አትክልት የሚውል የታከመ ፍሳሽ በ1 ሊትር ውስጥ ከ1 በላይ የአንጀት ትል እንቁላል እንዳይኖረው ይላል፤ የወስፋት እንቁላል ደግሞ በዝቃጭና በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት የበከለ አካል ያጸዳል ወይም የማጽጃውን ወጪ ይከፍላል። ስለዚህ ተቋሙ በቅድሚያ ፍሳሹን ወደ ሌላ ማጠራቀሚያ አዙሮ ቱቦውን ይድፈን፤ ዝቃጩን በበጋ ያውጣና ያድርቅ፤ ኩሬዎቹን አፈር የሚያለብሰው ከዚያ በኋላ ነው። እስከዚያው ከግድቡ በታች በግ የሚያሰማራ ሰው መስኩን ይለውጥ፣ ከዚያ ሠፈር ካሮት የሚገዛም ቀቅሎ ይብላ።